ቦክሱንና ስልኩን ሳያቆራርጡ ማዘመን፦ የኮዲና የስልክ ሪሞት እድሳት ደረጃ በደረጃ

ደብረ ማርቆስ በምኖርበት ግቢ ሦስት ቤቶች በአንድ ራውተር ይገለገላሉ። በሦስቱም ቤት ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትንሽ አንድሮይድ ቦክስ አለ፤ በሦስቱም ላይ ኮዲ ተጭኗል፤ ዋናው ሪሞት ደግሞ በአንዱ ቤት ጎማው ተልጧል፣ በሌላው ባትሪ ፈሶበታል፣ በሦስተኛው የልጅ መጫወቻ ሆኖ ጠፍቷል። ስለዚህ መዝሙርም ሆነ ፊልም የሚከፈተው ኮሬ በተባለው የኮዲ ሪሞት መተግበሪያ፣ በስልክ ነው። ይህ አሠራር ወራትን ያለ እንከን ይዘልቅና አንድ ቀን መተግበሪያው በራሱ ጊዜ ይታደሳል፣ ወይም ቦክሱ ላይ አዲስ ስሪት ይጫናል፤ ከዚያ በኋላ ስልኩ ቦክሱን አላውቀውም ይላል።

እንዲህ ሲሆን ጥፋቱ ሁልጊዜ በእድሳቱ ይሳበባል። እኔ እስካየሁት ድረስ ግን ከእድሳት በኋላ ከሚደርሰው ችግር አብዛኛው ከአዲሱ ስሪት አይመጣም። ምክንያቱ የቦክሱ አድራሻ መቀየሩ፣ ወይም ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ታድሶ የትኛው እንዳጠፋ መለየት አለመቻሉ፣ ወይም መብራት በመካከል መሄዱ ነው። ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስቱን ለመከላከል የተዘጋጀ ነው።

ስልኩና ቦክሱ እንዴት ይነጋገራሉ?

ኮዲ እ.ኤ.አ. በ2002 ለኤክስቦክስ ጌም ማጫወቻ ተብሎ የተጀመረ፣ ለረጅም ጊዜ ኤክስቢኤምሲ ሲባል የቆየና በ2014 ከስሪት 14 ጋር የአሁኑን ስም የያዘ ነፃ ሶፍትዌር ነው። በውስጡ ምንም ፊልም ወይም ዘፈን ይዞ አይመጣም፤ በፍላሽና በሃርድ ዲስክ ያለዎትን ፈልጎ፣ አስተካክሎ ያሳያል፣ ያጫውታል።

ከውጭ ለሚመጣ ትእዛዝ ኮዲ የተለያዩ በሮች አሉት። ዋናው 8080 የተባለው ፖርት ሲሆን ኮሬም ሆነ የስልክ ብሮውዘር የሚገቡት በዚህ ነው። 9090 ቦክሱ «አሁን ይህ ፊልም ተጀመረ፣ አሁን ቆመ» እያለ ለስልኩ ወሬ የሚያቀብልበት ነው፤ 9777 ደግሞ የቀስትና የ«እሺ» ቁልፎችን ትእዛዝ በፍጥነት የሚቀበል ነው። ሪሞቱ በከፊል ብቻ ሲሠራ፣ ለምሳሌ ቀስቶቹ እየሠሩ የፊልሙ ስም ስልኩ ላይ ሳይታይ ሲቀር፣ ብዙውን ጊዜ ከእነዚህ በሮች አንዱ ተዘግቶ ሌላው ክፍት መሆኑን ያመለክታል።

ይህ ሁሉ ልውውጥ የሚካሄደው በቤት ውስጥ ባለው ዋይፋይ ብቻ ነው። ኢንተርኔት ተቋርጦ፣ ጥቅል አልቆ፣ ራውተሩ ቀይ መብራት እያሳየ እንኳ ስልኩ ቦክሱን ማዘዝ ይችላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው አዲሱን ፋይል ለማውረድ ነው፤ እሱም በሌላ ቦታ፣ በሌላ ቀን፣ በሌላ ሰው ስልክ ሊወርድ ይችላል።

መጀመሪያ፦ ያለዎትን ይወቁ

በኮዲ መነሻ ገጽ ላይ ባለ ጥርስ ጎማ የምትመስለውን ምልክት ተጭነው ወደ ሴቲንግስ ይግቡ፤ ከዚያ ሲስተም ኢንፎርሜሽን የሚለውን ይክፈቱ። የስሪቱን ቁጥርና የቦክሱን አይፒ አድራሻ፣ ማለትም ራውተሩ ለቦክሱ የሰጠውን መለያ ቁጥር፣ እዚያ ያገኛሉ። ሁለቱንም በወረቀት ላይ ይጻፉ። ስልክ ላይ አይጻፉ፤ ችግር ሲመጣ መጀመሪያ የሚነካካው ስልኩ ነው።

የስሪቱ ቁጥር ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብዎት ይነግርዎታል። ሊያ የተባለው ስሪት 18 በጥር 2019፣ ማትሪክስ የተባለው 19 በየካቲት 2021፣ ኔክሰስ የተባለው 20 በጥር 2023፣ ኦሜጋ የተባለው 21 በሚያዝያ 2024 ወጥተዋል፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው። ከ21.0 ወደ 21.1 እንደሚደረገው ያለ የነጥብ እድሳት በአመዛኙ የስህተት ማረሚያ ስለሆነ ብዙ አያሳስብም። ከ18 ወደ 19 መሻገር ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ኮዲ በዚያ ስሪት ከፓይተን 2 ወደ ፓይተን 3 (ፓይተን ተጨማሪ ፕሮግራሞቹ የሚጻፉበት ቋንቋ ነው) ስለተዛወረ ለአሮጌው የተጻፉ ተጨማሪ ፕሮግራሞች ካልታደሱ በቀር አይሠሩም። ከዚህም በላይ ከ19 ጀምሮ በ8080 በኩል ለመግባት የይለፍ ቃል ማስቀመጥ በነባሪነት ይጠየቃል። ያለ ይለፍ ቃል ሲገለገል የኖረ ሰው ከእድሳቱ በኋላ ስልኩ ሲከለከል ሪሞቱ የተበላሸ የሚመስለው በዚህ ምክንያት ነው።

«እየሠራ ነው፣ ለምን እነካዋለሁ?» የሚል ሰው ግማሽ እውነት አለው፤ እኔም የነጥብ እድሳቱን ሁሉ አልከታተልም። የጸጥታ ማስተካከያ ሲወጣ ግን አላልፈውም። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ቼክ ፖይንት የተባለው የጸጥታ ድርጅት በተንኮል በተዘጋጀ የሰብታይትል ፋይል አማካይነት ኮዲንና ቪኤልሲን ጨምሮ የተለያዩ ማጫወቻዎችን መቆጣጠር እንደሚቻል አሳይቶ ነበር፤ የኮዲ ማስተካከያ በ17.2 መጣ፤ 17.3ም ወዲያው ተከተለ። ከጓደኛ በፍላሽ የተቀበሉት ፊልም ሰብታይትሉን ይዞ ነውና የሚመጣው፣ ጉዳዩ ከኢንተርኔት የራቀውን ቤትም ይመለከታል።

ሁለተኛ፦ ፋይሉን አስቀድመው ያውርዱ

በቀጥታ ከቦክሱ ላይ ማዘመን የሚመች ይመስላል፤ ነገር ግን ግንኙነቱ በሚቆራረጥበት ቦታ ፋይሉን አስቀድሞ አውርዶ በፍላሽ ይዞ መቅረብ የተሻለ ነው። የሌሊት ጥቅል ካለዎት ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ከኮዲ ኦፊሴላዊ ገጽ ያውርዱ። ለአንድሮይድ ሁለት ዓይነት ፋይል ያገኛሉ፤ አንዱ ባለ 32 ቢት፣ ሌላው ባለ 64 ቢት። ቦክሱ ላይ የተጻፈው ማስታወቂያ «64 ቢት» ቢልም አትመኑት፤ ቺፑ 64 ሆኖ አንድሮይዱ 32 የሆነባቸው ርካሽ ቦክሶች ብዙ ናቸው። እርግጠኛ ካልሆኑ ባለ 32ቱን ይውሰዱ።

ካወረዱ በኋላ የፋይሉን መጠን ገጹ ላይ ከተጻፈው ጋር ያመሳክሩ። በመካከል የተቆረጠ ፋይል ስሙ ሙሉ፣ መጠኑ ግን ጎዶሎ ሆኖ ይገኛል።

ከሞባይል ቤት በፍላሽ የሚሰጥ ኮዲ አልመክርም። ባለቤቱ መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ፋይሉ ከየት እንደመጣ እሱም ስለማያውቀው ነው። በተለይ «ሁሉም ቻናል ያለው ኮዲ» ከተባለ ሌላ ሰው የነካካው ቅጂ ነው ማለት ነው፤ ፊርማው፣ ማለትም አዘጋጁ ማን እንደሆነ አንድሮይድ የሚያውቅበት ዲጂታል ማኅተም፣ ስለሚለይ በነባሩ ላይ አልጫንም ሊል ይችላል፤ ከተጫነም ምን ይዞ እንደገባ ማወቂያ የለዎትም። የፊርማ ነገር ለኮሬም ይሠራል፤ ከፕሌይ ስቶር የመጣውን ኮሬ ኤፍ ድሮይድ ከተባለው ሌላ የመተግበሪያ ማከማቻ በወረደው ማደስ አይቻልም፤ አንዱን አጥፍቶ ሌላውን መጫን ግድ ይሆናል፣ የተመዘገበው ቦክስም አብሮ ይጠፋል።

ሦስተኛ፦ ሁለተኛ እጅ ያዘጋጁ

ይህን እርምጃ የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ የሚጸጸተውም እሱ ነው። በስልክ ብቻ የሚታዘዝ ቦክስ ከእድሳት በኋላ ስልኩን ካልተቀበለ፣ ማስተካከያው የሚገኘው ራሱ ቦክሱ ውስጥ ስለሆነ መድረሻ ያጣሉ። በጣም ቀላሉ መፍትሔ ተራ የዩኤስቢ ማውስ ነው። ከቦክሱ ጎን ሲሰኩት ቀስቱ ቴሌቪዥኑ ላይ ብቅ ይላል፤ ግራው ቁልፍ ይመርጣል፣ ቀኙ ብዙውን ጊዜ ወደ ኋላ ይመልሳል። ቴሌቪዥንዎና ቦክስዎ በኤችዲኤምአይ ገመድ ትእዛዝ የሚለዋወጡ ከሆነም የቴሌቪዥኑ የራሱ ሪሞት ኮዲን ሊያዝዝ ይችላል። ከማዘመንዎ በፊት ዛሬ ይሞክሩት።

አራተኛ፦ መጠባበቂያ ቅጂ ይያዙ

በሴቲንግስ ውስጥ ሚዲያ፣ ከዚያም ላይብረሪ የሚለውን ሲከፍቱ ዝርዝሩን ወደ ውጭ የሚያወጣ ትእዛዝ አለ። በአንድ ፋይል አድርገው ፍላሽ ላይ ያስቀምጡ። የተጨማሪ ፕሮግራሞችና የቅንብሮች ቅጂ እንዲኖርዎ ከፈለጉ ደግሞ በኮዲ የራሱ ማከማቻ ውስጥ ባክአፕ የተባለ ተጨማሪ ፕሮግራም ያገኛሉ። ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ ወሳኝ ነው፤ አንድሮይድ ኮዲን ሲያጠፋ የኮዲን ማህደር ሙሉ በሙሉ አብሮ ስለሚጠርግ፣ ቅጂውን እዚያው ቦክሱ ውስጥ ከኮዲ ሥር ማስቀመጥ የጎተራውን ቁልፍ ጎተራው ውስጥ ቆልፎ እንደመሄድ ነው።

አምስተኛ፦ መብራቱን ያስቡበት

እዚህ ላይ ሁለት ዓይነት እድሳትን መለየት ያስፈልጋል። ኮዲን እንደ መተግበሪያ ሲያድሱ መብራት ቢሄድ ብዙውን ጊዜ ጉዳት የለውም፤ አንድሮይድ አዲሱን ሙሉ በሙሉ ጽፎ ሳይጨርስ አሮጌውን አይለቅምና መብራት ሲመጣ ከመጀመሪያው ይጀምሩታል። የቦክሱን ዋና ሲስተም፣ ማለትም ራሱን አንድሮይዱን ሲያድሱ ግን በመካከል መቋረጡ ቦክሱን ዳግም እንዳይነሣ ሊያደርገው ይችላል። በአንድ የክረምት ምሽት የሆነብኝን አልረሳውም። ቦክሱ ሲስተሙን እያደሰ፣ መስመሯ ከግማሽ አልፋ ስትሄድ፣ ውጭ ነጎድጓድ ተሰማ፤ ወዲያው ቤቱ ጨለመ። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሲመጣ የቦክሱ ቀይ መብራት በራ፤ ቴሌቪዥኑ ላይ ግን ከጥቁር ገጽ በቀር ምንም አልመጣም። ከዚያ ወዲህ በሐምሌና በነሐሴ ሲስተም አላድስም።

መፍትሔው ውድ አይደለም። የቦክሱ አዳፕተር ላይ «5 ቮልት፣ 2 አምፒር» ተብሎ ከተጻፈ፣ ያንኑ መስጠት የሚችል ፓወር ባንክ ከሚስማማ ገመድ ጋር ቦክሱን ለእድሳቱ ጊዜ በደንብ ያቆየዋል። 12 ቮልት የሚል ቦክስን ግን በተራ ፓወር ባንክ አይሞክሩ።

ሌላም የመብራት መዘዝ አለ። ብዙ ቦክሶች ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ስለሌላቸው፣ መብራት ሄዶ ሲመጣና ኢንተርኔት ሳይኖር ሲቀር ቀኑን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመልሱታል። ቀኑ የተሳሳተ ቦክስ ከማከማቻው ጋር የሚያደርገው የተመሰጠረ ግንኙነት ተቀባይነት ስለማያገኝ ተጨማሪ ፕሮግራሞች አይታደሱም፤ መልእክቱም ስለ ቀን ምንም አይናገርም። ማደስ ሲያቅት መጀመሪያ ጥግ ላይ ያለውን ሰዓት ይመልከቱ።

ስድስተኛ፦ ቦክሱን አስቀድሙ፣ ስልኩን ያቆዩ

ስልኩ ላይ ፕሌይ ስቶርን ይክፈቱ፤ ወደ ኮሬ ገጽ ሄደው ከላይ ያሉትን ሦስት ነጠብጣቦች ተጭነው ራሱን በራሱ እንዳያድስ ምልክቱን ያንሱ። ይህን የማደርገው ቦክሱን ባደስኩበት ምሽት ስልኩም በራሱ ተነሥቶ እንዳይታደስና ጥፋተኛው እንዳይለይ ነው።

ከዚያ ቦክሱ ላይ የሚጫወተውን አስቁመው በኃይል ምልክቷ በኩል ከኮዲ በሥርዓት ይውጡ። ፍላሹን ሰክተው በፋይል ማኔጀር አዲሱን ፋይል ይክፈቱ። አንድሮይዱ ካልታወቀ ምንጭ ለመጫን ፈቃድ ሲጠይቅ ለፋይል ማኔጀሩ ብቻ ይፍቀዱ፤ ሲጨርሱ ይንሡት። ነባሩን ኮዲ አስቀድመው አያጥፉ፤ በላዩ ላይ ነው የሚጫነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍቱት ዝምታው ይረዝማል። ኮዲ አዲሱ ስሪት የሚፈልገውን የመረጃ ቋት ከአሮጌው ገልብጦ እያዘጋጀ ነው፤ ለምሳሌ የስሪት 20 የቪዲዮ ቋት ቁጥሩ 121፣ የስሪት 21 ደግሞ 131 ነው። ብዙ ፊልም ያለው ቤት ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። በዚህ ሰዓት ትዕግሥት አጥቶ ገመዱን የሚነቅል ሰው ደህናውን ነገር ያበላሻል። ገጽታው ተለውጦ ኤስቱዋሪ ወደተባለው ወደ መጀመሪያው መልክ ቢመለስም አይደንግጡ፤ ይጠቀሙበት የነበረው የሌላ አዘጋጅ ገጽታ ለአዲሱ ስሪት ገና አልተዘጋጀም ማለት ነው።

አሁን ሴቲንግስ፣ ሰርቪስስ፣ ኮንትሮል ብለው ይግቡ። በኤችቲቲፒ መቆጣጠርን የሚፈቅደው ምልክት መብራቱን፣ ፖርቱ 8080 መሆኑን፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል መሞላታቸውን ያረጋግጡ። ከሥር ደግሞ ከሌሎች መሣሪያዎች የሚመጣ ትእዛዝን የሚፈቅድ ሌላ ምልክት አለ፤ እሱም ይብራ። 8080ን በራውተሩ በኩል ወደ ውጭ መክፈት ግን በፍጹም አይገባም፤ ልውውጡ ስላልተመሰጠረ ለቤት ውስጥ ብቻ የታሰበ ነው።

ሰባተኛ፦ በአሮጌው ሪሞት ይፈትኑ

ኮሬን ሳያድሱ ከቦክሱ ጋር ያገናኙ። ድምፅ ይጨምሩ፣ ፊልም ያስጀምሩ፣ ያቁሙ። ከሠራ ቦክሱ ጨርሷል፤ ሁለት ሦስት ቀን ይገልገሉበትና ከዚያ ስልኩን ያድሱ። ስልኩ ከታደሰ በኋላ ችግር ከመጣ ምክንያቱ ስልኩ ላይ መሆኑን ያለ ክርክር ያውቃሉ።

ካልሠራ የስልኩን ብሮውዘር ከፍተው የቦክሱን አድራሻ፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ (:) እና 8080 ይጻፉ። ስምና የይለፍ ቃል ጠይቆ የኮዲ ገጽ ከተከፈተ ቦክሱ ደህና ነው፤ ጉድለቱ ኮሬ ውስጥ በተመዘገበው አድራሻ ወይም የይለፍ ቃል ላይ ነው። ገጹ ጭራሽ ካልተከፈተ ኮሬን ማጥፋትና መጫን ድካም ብቻ ነው፤ ወደ ቦክሱ ወይም ወደ ራውተሩ ይሂዱ። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ሰው ይህችን ሙከራ ይያዝ።

አድራሻው ሲቀየር

ቡሬ ያለው አጎቴ ከጥቂት ጊዜ በፊት ደውሎ «አንተ ልጅ፣ ያ ያደስከው ነገር ስልኩን ከቦክሱ አኳረፈው» አለኝ። ካደስኩለት ሦስት ሳምንት አልፎት ነበርና «መብራት መቼ ሄዶ መጣ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ትናንት ማታ።» ሲስተም ኢንፎርሜሽንን በማውስ እንዲከፍት ነገርኩት፤ ቁጥሩን በዝግታ አነበበልኝ። መጨረሻው 5 የነበረው አድራሻ 9 ሆኗል። መብራት ሲመጣ ራውተሩ፣ ቴሌቪዥኑ፣ ስልኮቹ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይነሡና ራውተሩ ቀድሞ ለደረሰው እየቀደመ ቁጥር ያድላል፤ ኮሬ ግን የሚፈልገው በድሮው ቁጥር ነው።

መድኃኒቱ ራውተሩ ለቦክሱ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር እንዲሰጥ ማድረግ ነው። ወደ ራውተሩ ገጽ ይግቡ፤ በብዙ ቤት 192.168.1.1 ነው፤ ዲኤችሲፒ በተባለው የአድራሻ ማደያ ክፍል ሥር የቦክሱን ማክ አድራሻ (የማይቀየረውን የመሣሪያውን መለያ) ከመረጡት ቁጥር ጋር ያስሩ። ይህን አንድ ጊዜ ያደረገ ቤት «እድሳቱ አበላሸው» የሚለው አቤቱታ በአብዛኛው ይቆምለታል።

ራውተር የሌለው፣ ቦክሱን በስልኩ ሆትስፖት የሚያገናኝ ቤትም አለ። ሪሞቱ እንዲሁ ይሠራል፤ ዳታ ማብራትም አያስፈልግም፤ እንዲያውም ዳታውን ማጥፋት ቦክሱ በስውር እየታደሰ ጥቅልዎን እንዳይጨርስ ያደርጋል። የቆዩ አንድሮይድ ስልኮች በሆትስፖት ሁልጊዜ በ192.168.43 የሚጀምር አድራሻ ይሰጡ ነበር፤ አዲሶቹ ግን ይለዋውጣሉና አድራሻውን በየጊዜው በእጅ ማስገባት ሊኖርብዎ ይችላል። ለዚህ ቤት አሮጌ ስልክን ለሆትስፖት ብቻ መመደብ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ራስበሪ ፓይ ላይ ሊብሬኤሌክ ለሚጠቀሙ

ራስበሪ ፓይ ትንሽ ርካሽ ኮምፒዩተር ነው፤ ሊብሬኤሌክ ደግሞ ኮዲን ብቻ ለማስኬድ የተሠራ ሲስተም ነው። ቅደም ተከተሉ ያው ነው፤ ልዩነቱ እዚህ ኮዲና ሲስተሙ አብረው የሚታደሱ መሆናቸው ነው። ሊብሬኤሌክ 11 ኮዲ 20ን፣ ሊብሬኤሌክ 12 ደግሞ ኮዲ 21ን ይዟል። የወረደውን ፋይል አፕዴት ወደተባለው ማህደር ገልብጠው ሲያስነሡት ራሱን ይጭናል። የሚጽፈው በሚነሣበት ሰዓት ስለሆነ ስለ መብራት ያልኩት ሁሉ እዚህ በእጥፍ ይሠራል፤ ይሁንና የሚበላሸው ሜሞሪ ካርዱ ላይ ያለው ጽሑፍ እንጂ ፓዩ አይደለምና ካርዱን በኮምፒዩተር እንደገና ጽፎ ማስነሣት ይቻላል።

ወደ ኋላ መመለስ ሲያስፈልግ

አንድሮይድ አሮጌ ስሪትን በአዲስ ላይ አይጭንም። መመለስ ከፈለጉ አዲሱን አጥፍተው፣ የቀድሞውን ጭነው፣ ከፍላሹ ያወጡትን ቅጂ መመለስ አለብዎት። ስለዚህ የቀድሞውን የኮዲ ፋይል ቢያንስ አንድ ወር ፍላሽ ላይ ያቆዩት፤ ከዚያ በኋላ ቦታ ካስፈለገዎ ያጥፉት።

እኔ በየቦክሱ ጀርባ በፕላስተር የምለጥፈው ወረቀት አለ፤ የኮዲው ስሪት፣ የታደሰበት ቀን፣ አድራሻውና ፖርቱ ይጻፍበታል፤ የይለፍ ቃሉ አይጻፍም። አጎቴ የራሱን ቦክስ ወረቀት በእጁ ጽፎ፣ ከሥሩ «መብራት ከሄደ መጀመሪያ ይህን ቁጥር እይ» ብሎ ጨምሮበታል።